ውሃ የሌለው ወደብ

ከቀለም መሸጫው ግድግዳ፣ ካለፈው ዓመት ካሌንደር ላይ፣
አንድ መርከብ ስታይ ከረመች፣ ፎቁ የሚነካ ሰማይ፤
ከሥሩ የባለሱቁ ስልክ፣ ከላዩ የወደብ ከተማ፣
ጀልባው ሸራውን የሰቀለ፣ እንደ ታጠበ ነጭ ሸማ።

«አንድ ቀን ብቻ» አለችኝ፣ «ጧት ወርዶ ማታ መሳፈር፤
እንደ እነዚያ ባለባርኔጣዎች፣ እንግዳ ሆኖ መዞር።»
«ደሞዜን ታውቂው የለም?» አልኳት፤ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቆየ፣
ምሳ ላይ እንኳ ነበረ፣ ከሽሮው ጎን እየታየ።

እኔ የምሠራው ወደብ ነው። አትሳቁ፤ አለን ወደብ፣ ኮምቦልቻ፤
ባሕሩ ነው የጎደለ፤ የተረፈው ብረትና አቧራ ብቻ።
ከጅቡቲ የተነሣ ሣጥን፣ አፋርን በጎማ ቀዝፎ፣
ሚሌን፣ ባቲን ተሻግሮ፣ እኛ ግቢ ያድራል አርፎ።
እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ።

እሑድ ማለዳ ቀሰቀስኳት፤ «ልበሺ፣ መርከባችን ደርሷል፤
እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ የዘገየ ሰው ይቀራል።»
የሠርጓን አረንጓዴ ሻርፕ፣ የእህቷን ጥቁር መነጽር፣
ባጃጅ ላይ እንደ እመቤት፣ ቀጥ ብላ ሳትናገር።

በሩ ላይ ጋሽ እብሬ አሉ፤ ዱላቸው እንደ መልሕቅ፣
«እሷ ደግሞ ማን ናት?» አሉኝ። «ጎብኚ» አልኩ፣ ሳልስቅ።
ያውቋታል እኮ፤ ከሠርጋችን ዳስ ሥጋ የከተፉ ናቸው፤
«ፓስፖርት!» ብለው እጅ ዘረጉ። እፍኝ ቆሎ አኖረችላቸው።

ገባን። ግራና ቀኝ ፎቅ ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካን፣ ሰማያዊ፤
መስኮት የለው፣ በረንዳ የለው፣ ዝገቱ ብቻ ምድራዊ።
ከብረቱ ላይ ታነባለች፣ ፊደል በፊደል እየፈታች፣
«ጄ... ኖ... ቫ። ማር... ሴይ»፤ ጣቷን ዝገቱ ላይ እየጎተተች።

«ይህኛው ሱቅ ምን ይሸጣል?» «ሽቶ።» «ያኛውስ?» «የሐር ጫማ።»
የማውቀውን አልነገርኳት፤ አንዱ መለዋወጫ ነው፣ ሦስቱ ጎማ።
«ስንት ነው ሽቶው?» «ለእመቤት በነጻ።» «አይሆንም!
ዋጋ ሳልከራከር፣ ገበያ ወጣሁ አልልም።»
የባቲ ልጅ ናት፤ ከሺህ ጎትታ አወረደችኝ መቶ፣
ከዚያ ባዶ ጣቷን አንገቷ ላይ ነካ። ወላሂ፣ ሸተተኝ ሽቶ።

ምሳ ከክሬኑ ጥላ ሥር፤ ድንች፣ ሁለት ማንጎ ከሐርቡ፣
ዝንቦቹ የተጋበዙ መስለው፣ ዙሪያችንን እየከበቡ።
ጥላው ሲሸሽ እኛም ሸሸን፤ አንድ ሣጥን፣ ሁለት ሣጥን ተከትለን፤
ቱሪስትም እንዲህ ይደክመዋል መሰለኝ፤ ጫማዋን አወለቀች፣ ተቀምጠን።

የጎፍ ተራራ ከበላይ፣ ደኑን እንደ ካባ ጥሎ፣
ከታች ቦርከና በዝግታ፣ የሰፈሩን እድፍ አዝሎ።
«ባሕሩስ?» አለች።
ይህን ጥያቄ ከጧት ጀምሮ ስፈራው ነበር።
ዝም አልኩ። ነፋስ ተነሣ፤ ሸራ ከሸራ ይነጋገር ጀመር፤
የጭነቱ ልባስ ሁሉ ተነፋ፤ ረገበ፤ ደግሞ ተነፋ፤
ግቢው መልሕቁን የነቀለ መሰለ፣ በይፋ።
ዓይኗን ጨፈነች። «ሰማሁት» አለች። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤
አንዳንዱ ጥያቄ ቀረጥ አለው፤ ዛሬ ልከፍል አልወደድኩም።

አሥራ አንድ ሲል ከባድ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው፤
የሚሌ ሹፌር ነው፣ ተራው ደርሶ የቸኮለ ሰው።
«ጠራን» አለች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ ሮጠች፣ እየሳቀች፣
እኔ ከኋላ፣ ሳህንና ጀሪካን፣ ሻርፗም በትከሻዬ ቀረች።

በሩ ላይ ጋሽ እብሬ፣ «እንዴት ነበር ከተማው?» አሉ።
«ውድ ነው» አለች። «ሰዎቹ ግን ዱቤ ይሰጣሉ።»

እስከ ዛሬ መቶ ብሬን አልከፈለችኝም። ስጠይቃት፣
«በሚቀጥለው መርከብ» ትለኛለች፤ ድንች መላጥ ላይ ናት።